የስሞኮቫዋ ገመድ ተቀባይ

የመርከባችን ስም በወረቀት ላይ «ዞራ» ይባላል። ከደሴቶቹ ሰዎች መካከል ግን በዚህ ስም ሲጠራት የሰማሁት የለም። በቄሳሩ ዘመን ስትሠራ የአንዲት ልዕልት ስም ወጣላት። ቄሳሩ ወደቀና የንጉሥ ስም ተሰጣት። ጣሊያኖች መጡና በጄኔራል ስም ጠሯት። ጓዶቹ ሲመጡ ደግሞ ንጋት ለማለት ዞራ አሏት። ቀለም በቀለም ላይ ሲደረብ አፍንጫዋ ላይ ያለው ፊደል እንደ ንፍፊት አብጦ ነበር። እኛ ባባ ነበር የምንላት፤ አሮጊቷ ማለታችን ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አዲስ ስም መልመድ የእሷ ሥራ እንጂ የእኛ አልነበረም።

አሁን አንድ ወደብ ላይ በሰንሰለት ታስራ ፒዛ ይሸጥባታል አሉ። ሄጄ አላየኋትም፤ ወደፊትም አላያትም። እኔ የማውቃት ስትሄድ ነው።

በበጋ በየጠዋቱ ከስፕሊት ከተማ ተነሥታ፣ ዋናተኛና ሽርሽረኛ ጭና ደሴቶቹን እየነካካች ትዞርና ማታ ትመለሳለች። ፊቷ ላይ አግዳሚ ወንበር፣ ኋላዋ ላይ የሸራ ጥላ፣ መሃሏ ላይ ዓሣ የሚጠበስበት ምድጃ፣ ከምድጃው አጠገብ ደግሞ አንዲት ዘፈን ብቻ የሚያውቅ አኮርዲዮን ተጫዋች። ከሽርሽረኛው ሌላ የማትጭነው ነገር አልነበረም፤ የአንዱን መድኃኒት፣ የአንዷን ፍየል፣ የሙሽራ ቁም ሣጥን፣ የቄሱን ጋዜጣ። እኔ ሺሜ የባባ ገመድ ወርዋሪ ነበርኩ። መርከቧ ወደ ማረፊያው ስትጠጋ ጫፏ ላይ ኳስ የታሰረባትን ቀጭን ገመድ ወደ መሬት እወረውራለሁ። መሬት ላይ ያለው ሰው እሷን እየሳበ ወፍራሙን ገመድ ያወጣና ቀለበቱን የብረት ጉቶው ላይ ያጠልቃል። መሬት ላይ ሰው ከሌለ ገመዱ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ሙያዬ ይኸው ነው። አንዲት ልጅ ላገባ ፈልጌ ይህንኑ ለአባቷ ባስረዳው «እሺ፣ ከዚያስ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ የምለው ስላልነበረኝ አላገባሁም። ክረምት ክረምት ባባ ስትታሰር ዘበኛዋ ሆኜ ሆዷ ውስጥ አድር ነበር።

በስሞኮቫ ገመዱን የምትቀበለው ቶማዚና ነበረች።

ስሞኮቫ በለስ የሞላባት ጠባብ ባሕረ ሰላጤ ናት። ዳርቻዋ ነጭ ጠጠር ነው፤ ባባም የምትቆመው ለዚያ ጠጠር ስትል ነበር። ድሮ ከነቤተ ክርስቲያኗ ሙሉ መንደር ነበረች አሉ። ወይኑን በሽታ ሲበላው ሰዉ አንድ በአንድ ወደ ቺሊና ወደ አውስትራሊያ ተሰደደ፤ የተረፈውም ስፕሊት መርከብ መሥሪያው ገባ። ጣሪያዎቹ እየሰመጡ በለሱ በመስኮት መውጣት ጀመረ። በመጨረሻ የቀሩት ያኮቭ የሚባል ገመድ ተቀባይና ሚስቱ ቶማዚና ብቻ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ኒክሻ አውስትራሊያ ሄዶ ዓሣ አስጋሪ መርከብ ላይ ይሠራል። ያኮቭ በሞተ ማግስት ባባ ስትገባ ማረፊያው ላይ ቶማዚና ጥቁር ለብሳ ቆማ አገኘናት። ክንዷን ዘርግታ ገመዱን ከአየር ላይ ቀለበችው። ማንም አልሾማት፤ ማንም አልሻራትም።

ያኔ ባባ ላይ ከኋላዬ ሆነው የሚቀልዱት ብዙ ነበሩ። የመንደሩ ሊቀ መንበር እሷ፣ ደወል ደዋይ እሷ፣ ገመድ ተቀባይ እሷ፤ ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም እያሉ። አንድ ቀን ሰማቻቸውና «ምርጫ ቢደረግ እኔም ራሴን አልመርጥም» አለቻቸው።

አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ መዳፏ እንደ ወንድ የሻከረ ሴት ነበረች። በእኔ ዘመን ገመድ ከእጇ ወድቆ አያውቅም። እኔን ግን ሳትሰድብ ውላ አታውቅም።

«ሺሜ፣ ዛሬ ምን ቀምሰህ ነው የመጣኸው? ክንድህ ጨርቅ ሆኗል።»

«ነፋሱ ነው፣ ቴታ ቶማዚና።» ቴታ አክስት ማለት ነው። ትልቅ ሴትን እንዲህ ነው የምንጠራው።

«ነፋስ ያልተከሰሰበት ቀን አላየሁም። ደግሞ ከስተሃል። ውጣና አንዲት አረቄ ቅመስ፣ በሩ ክፍት ነው።»

«ነገ፣ ቴታ። ባርባ ቸኩሏል።»

ባርባ ያልኩት ካፒቴናችንን ባርባ ቪትስኮን ነው። በእኛ ባሕር ካፒቴን ሁሉ ባርባ ነው፤ አጎት እንደ ማለት። ቸኩሏል ያልኩትም ውሸት አልነበረም። ባባ ስሞኮቫ ላይ የምትታሰረው በአንዲት ገመድ ነው። ሞተሩ እየዞረ ዋናተኞቹ ይወርዳሉ፣ ዕቃ ይቀባበላሉ፤ ገመድ ወርዋሪው ከገመዱ ራስ ንቅንቅ ማለት አይፈቀድለትም። ከዚያ ቶማዚና ቀለበቱን ከጉቶው ታወጣለች፣ እኔ እስባለሁ፣ እንሄዳለን። ማታም ዋናተኞቹን ልንለቅም ስንመጣ ያው ነው። በዚያም በዚህም «ውጣና ቅመስ» ትላለች፣ እኔ «ነገ» እላለሁ። ስንት በጋ እንዲህ እንዳለፈ እንጃ። ቤቷ ከማረፊያው በላይ ብዙ የድንጋይ ደረጃ ወጥቶ ነው፤ በሩ ከታች አይታይም። ከዋናተኞቹም በዚያ ፀሐይ የሚወጣው የለም፤ አንድ ሰው ወጣ ከተባለ ሽንት ቤት ፍለጋ ነው።

እንግዲህ አንድ ሥርዓታችንን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና። ከደሴቶቹ ሰው የሞተ እንደሆነ መርከቧ ወደ ተወለደበት ባሕረ ሰላጤ ገብታ ሞተሯን ታጠፋለች። ባንዲራዋን እስከ ግማሽ ታወርዳለች። ከዚያ ጡሩምባዋን በረጅሙ፣ በጣም በረጅሙ ትነፋለች። የሞተበት ቦታ አይቆጠርም፤ ቺሊ አንቶፋጋስታ ማዕድን ውስጥ ይሙት፣ አውስትራሊያ ፍሪማንትል ሆስፒታል ይሙት፣ ጡሩምባው የሚነፋለት እዚህ ነው። በዚያ ባሕረ ሰላጤ ላልተወለደና ላልኖረ ሰው አይነፋም። ስለዚህ ጡሩምባውን የሰማ ሁሉ ከራሱ ሰው አንዱ እንደሄደ ያውቃል፤ ማን እንደሆነ ግን መርከቧ እስክትጠጋ ድረስ አያውቅም።

ነሐሴ ሊያልቅ አካባቢ፣ የደቡቡ ነፋስ በተነሣበት ቀን፣ ወደ ባሕር የወጣውን የድንጋይ አፍንጫ ዞረን ስሞኮቫ ስንገባ ማረፊያው ላይ ሰው አልነበረም። እኔ ገመዱን ጠቅልዬ ይዤ ቆሜያለሁ። ባርባ አጭሯን ጡሩምባ ነፋ። ዝም። ደገማት። ፍየሏ ከላይ መለሰችለት እንጂ ሌላ የመለሰ አልነበረም።

«የለችም» አልኩ ወደ ላይ።

ባርባ ከመሪው ክፍል አንገቱን አወጣ። «የለችም ማለት ምን ማለት ነው? ቶማዚና እንዴት የለችም ትባላለች?»

«ማረፊያው ባዶ ነው።»

«ያኮቭን በቀበረች ማግስት ነበረች። ወባ ሲይዛት ነበረች። ባለፈው በጋ በረዶ ሲዘንብ ስንቱ ቤቱ ተደብቆ እሷ ነበረች።» ይህን ያለው ለእኔ ሳይሆን ለራሱ ነው። ሞገዱ ባባን እያነሣ ከድንጋዩ ጋር ሊያላትማት ይቃጣል።

«ልዝለልና ልይ?»

«ዝለልና በድንጋዩና በብረቱ መሃል እንደ ሎሚ ተጨመቅ። አንድ የሞተ ሰው ይበቃናል።»

ቃሉ እንዲህ ወጣ። ካፒቴን ነውና፣ አንዴ ከወጣ በኋላ ማን ይመልሰው። ባርባ ኮፍያውን አወለቀ። ሞተሩ ጠፋ፣ እኔም በታዘዝኩት መሠረት ባንዲራውን እስከ ግማሽ አወረድኩ። ከዚያ ባባ ጮኸች። ድምፁ ከገደሉ ወደ ገደሉ እየተጋጨ ቆየ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ጣቱን ከቁልፎቹ ላይ አነሣ። ከሽርሽረኞቹ ጥቂቶቹ የትርኢቱ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ፤ አንዱ ዞሬ ሳየው እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ባሕሩ እየባሰ ስለሄደ ሌላ ጀልባ ሊልኩላት አልቻሉም። ባርባ በሬዲዮ ወደ ስፕሊት አሳወቀ፤ ማግስቱን ነፋሱ ሲበርድ ሐኪሙንም ቄሱንም ይዘን እንመጣለን ተባለ። ወደ ማታ ከተማው ስንገባ ወሬው ቀድሞን ነበር።

ጠዋት ባሕሩ ረግቷል። ባርባ ለሽርሽረኞቹ «ዛሬ ለቅሶ ነው፣ ነገ ኑ» ብሎ መለሳቸውና ባባን ለሐዘንተኛ ከፈታት። እኔ አሥር ሰው ቢመጣ ነው ብዬ ነበር። መርከቧ ጎኗ እስኪያዘነብል ሞላች። የስሞኮቫ ልጅ፣ የስሞኮቫ የልጅ ልጅ፣ አያቱ በስሞኮቫ በኩል ያለፈ ሁሉ መጣ። ሴቶቹ ዳቦና የጨው ሰርዲን በቅርጫት፣ ወንዶቹ ወይን በገንቦ ይዘዋል፤ ከቀብር በኋላ የሚበላው እንዳይጎድል። አናጢው ሎቭሬ፣ የስሞኮቫ ተወላጅ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሬሳ ሣጥን ሲሠራ አድሮ ፊት ለፊት አግዳሚዎቹ መሃል አስቀመጠው።

«ልኳን ከየት አገኘህ?» አልኩት።

«ልጅ ሆኜ በለስ ስሰርቅ በጥፊ መታኛለች። እጇ እዚህ ጋ ደረሰ» ብሎ ጉንጩን አሳየኝ። «ከዚያ አስልቼ ነው።»

የቶማዚና የእህት ልጅ ቪንካ፣ ስፕሊት ልብስ ሰፊ የነበረችው፣ ከተነሣንበት ጀምሮ ታለቅሳለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እውነትም አልገደዳትም። «በዚህ በጋ ልመጣ ነበር» ትላለች በየመሃሉ። ከጀርባዋ ያለውም ሰውዬ በዚህ በጋ ሊመጣ ነበር። ሎቭሬም ሊመጣ ነበር፣ ጣሪያ ሊጠግንላት። ስሰማ ስሰማ ንዴት ያዘኝ። ለቀብር ጊዜ የሚያጣ ሰው አይቼ አላውቅም፤ መርከቧ ግን በየቀኑ ስትሄድ ነበር፣ ትኬቱም ከአንድ ብርጭቆ ቢራ አይበልጥም።

አፍንጫውን ስንዞር ገመዱን አላዘጋጀሁም። የሚቀበለኝ ስለሌለ ባሕሩ ከረጋ ልዘል ነው ብዬ ጫማዬን አውልቄ ቆሜያለሁ።

ማረፊያው ላይ ጥቁር የለበሰ ሰው ቆሟል።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ቀጥሎ ቄሱ አየና አማተበ። ከዚያ ፊት የነበረው ሁሉ ዝም አለ፤ ዝምታው ወደ ኋላ እየሄደ የቪንካን ለቅሶ ሳይቀር አቆመው። ባርባም ደንግጦ ነው መሰል ሞተሩን ያለ ቦታው አጠፋና ባባ በራሷ ፍጥነት ብቻ መንሳፈፍ ጀመረች።

«ሺሜ፣ ትወረውራለህ ወይስ ታልፋላችሁ?»

ድምፁ የቶማዚና ነው። እጄ እኔን ሳይጠይቅ ገመዱን ከወለሉ አንሥቶ ወረወረ። ቀለበችው፤ ግን በሁለት እጇ ነበር፣ እንደዚያ ስትቀበል አይቻት አላውቅም። ወፍራሙን ገመድ እየሳበች አወጣች። ቀለበቱን ጉቶው ላይ አጠለቀችና ቀና አለች። ፊቷ ካለፈው ቀን ወዲህ ያረጀ ነበር። ዓይኗ ከሰዉ ሁሉ አልፎ ሣጥኑ ላይ አረፈ።

«አመጣችሁት?» አለች።

ወደ ማረፊያው ጠርዝ ተጠጋች።

«ንገሩኝ እንጂ። ትናንት ጡሩምባውን ሰምቼአለሁ። ከቤቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፤ እናት ሌላ ማንን ታስባለች።» ሣጥኑን በአገጯ አመለከተች። «ኒክሻ ነው?»

ባርባ ቪትስኮ ኮፍያውን ይዞ መረማመጃው እስኪዘረጋ እንኳ ሳይጠብቅ ወረደ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እንደዚያ ሲዘል ያየሁት ያኔ ነው። «ቶማዚና፣ ሣጥኑ ባዶ ነው» አላት።

«ባሕር በላው?»

«አይደለም። ኒክሻን ምንም አላገኘውም። ሣጥኑ የአንቺ ነው። ትናንት ማረፊያው ላይ ስናጣሽ… እኔ ነኝ፣ ሞታለች ያልኩት እኔ ነኝ።»

ቶማዚና የብረት ጉቶው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ የባርባን ኮፍያ ከእጁ ነጠቀችና ባሕር ውስጥ ወረወረችው።

«ሌሊቱን ሙሉ ልጄን ስቀብር አደርኩ» አለች። ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም። «የቀረውን ልብሱን አጥቤ አሰጣሁ። ሣጥን ሲመጣ የት አስቀብረዋለሁ ብዬ የአባቱን መቃብር ጠረግሁ። ሰው አንድ ቀን ከቤቱ ካልወጣ ሞተ ይባላል፣ ቪትስኮ?»

«ሌላው ሰው ቢሆን አይባልም» አለ ባርባ። «አንቺ ግን ቀርተሽ አታውቂም።»

ቪንካ ወርዳ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት፤ ከዚያ ሁሉም ወረደ። የለቅሶው እንባ ለደስታው ሆነ። ሎቭሬ ሣጥኑን አስወርዶ በሩቁ በዓይኑ ከእሷ ጋር ሲያለካካ ያዘችው።

«ምን ታያለህ?»

«ትንሽ ሰፋ አድርጌዋለሁ፣ ቴታ።»

«ተወው። በለስ አደርቅበታለሁ።»

ያኔ ሳቁ ፈነዳ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ገንቦው ተከፈተ፣ ማረፊያው ላይ ለሬሳ የመጣው ሁሉ በሬሳዋ ፊት ተበላ። ስትበላ ግን አላየኋትም። ቁጭ ብላ ተራ በተራ ፊታቸውን ታያለች። ሰዎቹ ሲጠግቡ ወደየፍርስራሻቸው ተበተኑ፤ እያንዳንዱ የአያቱን ቤት አሳይቶ ፎቶ ተነሣ፣ ከበለሱ ለቀመ። አንዱ የተጠረበ የመስኮት ድንጋይ ነቅሎ ለማስታወሻ ብሎ ተሸከመ። ወደ እሷ ቤት የወጣ የለም። ለምን ይውጣ፤ እሷ እዚሁ ታች ናት።

ፀሐይዋ ስታዘነብል ባርባ አጭሯን ጡሩምባ ነፋ። ሰዉ መሳፈር ያዘ። ቪንካ የአክስቷን እጅ ይዛ መረማመጃው ጋ ቆመች።

«ነይ ከእኔ ጋር፣ ቴታ። ልጆቹ ወንበሩ ላይ ይተኛሉ። ምን አለሽ እዚህ?»

«ፍየል አለኝ።»

«ፍየሏንም ይዘን እንሄዳለን።»

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ?» አለችና ቶማዚና ሳቀች። «ሂጂ ልጄ፣ ትዘገያለሽ። ገመዱን የሚፈታ መቅረት አለበት።»

ቪንካ ስማት ገባች። እኔ ማረፊያው ላይ፣ የብረት ጉቶው ጋ፣ ከቶማዚና ጋር ቀረሁ።

«ትናንት የት ነበሩ?» አልኳት።

«ቤት።»

«ታመው ነው?»

«ምንም አልሆንኩም። ከመስኮቱ ጀርባ ቁጭ ብዬ ነበር።» ወፍራሙን ገመድ በእግሯ ነካ ነካ አደረገችው። «እንዳትስቅብኝ። በየቀኑ እኔ ወርጄ፣ እኔ ተቀብዬ፣ እኔ ፈትቼ አለሁ። ያኮቭ ከሞተ ወዲህ በሬ ላይ ቆሞ ‹ቤቶች› ያለኝ ሰው የለም። አንድ ቀን ባልወርድ አንድ ሰው ይወጣ ይሆናል አልኩ። አንኳኩቶ እንዲገባ ብዬ በሩን ሳይቀር ዘጋሁት። ከዚያ የሞት ጡሩምባው መጣ። የዘጋሁትን በር ከፍቼ ያን ሁሉ ደረጃ ስወርድ እናንተ አፍንጫውን ዞራችኋል። ሽርጤን ባውለበልብ ማን ይየኝ።»

«ቴታ፣ ገመዱን የሚቀበል ከሌለ እንዴት እንወጣለን?»

«እሱን ነው ሌሊት ያሰብኩት። ወደ እኔ መምጣት የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ እኔን ከቤቴ ማስወጣት አለበት።» ወደ ደረጃዋ አየች። «በል ግባና ሳብ፣ ልፈታልህ ነው። ውጣና ቅመስ አልልህም፤ ባርባ ቸኩሏል።»

ጎንበስ ብላ ቀለበቱን ያዘች። ሃያ ሜትር ርቀት ላይ ቆሜ ስንት በጋ ያየኋት ሴት ናት፤ መርከብ ውስጥ ብቻዬን ስከርም እኔም ስንት ጊዜ የእግር ኮቴ ሰምቼ አንገቴን እንዳወጣሁ እኔ አውቃለሁ። እጄን እጇ ላይ ጫንኩ።

«አይፍቱት።»

«ምን ሆነሃል?»

ገመዱን ጉቶው ላይ ደረብ አድርጌ አሰርኩና ወደ ላይ ጮኽኩ። «ባርባ፣ ሞተሩን ያጥፉ።»

«ምን ተበላሸ?»

«ምንም። ጉዳይ አለኝ።»

«ምን ጉዳይ? ጨለማ ላይ ልታስገባን ነው?»

«ዛሬ ሽርሽረኛ የለም፣ ዘመድ ነው የጫኑት። ይጠብቅ።» ከዚያ ወደ እሷ ዞርኩ። «ቴታ፣ ወደ ቤት ይግቡና በሩን ይዝጉ።»

«ሰክረሃል።»

«ይግቡ፣ ይዝጉ።»

እንደ እብድ አየችኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን የገባት መሰለኝ፤ የራስ መሸፈኛዋን ጠበቅ አደረገችና ሳትናገር ደረጃውን ያዘች። ጉልበቷን በእጇ እየደገፈች ቀስ ብላ ነው የምትወጣው። ባባ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተሰብስቦ ያያል። ሎቭሬ አንድ ነገር ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ቪንካ በክርኗ ስትለው ዘጋው። ሞተሩ ሲጠፋ በለሱ ላይ የሚንጫጩት ነፍሳት ተሰሙ። ቶማዚና ከበለሱ ጀርባ ጠፋች። የበሩን ድምፅ እስክሰማ ጠበቅሁ፣ ከዚያ ወጣሁ።

ደረጃው ከታች እንደሚታየው አልነበረም፤ አንዱ ድንጋይ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። ከላይ አንድ ጠባብ ግቢ አገኘሁ። ፍየሏ ታስራለች። ገመዱ ላይ የወንድ ልጅ ሸሚዝና ሱሪ ተሰጥቷል፤ የዛሬ ስንት ዓመት የተተወ፣ ትንሽ ልብስ። በሩ ሰማያዊ ነው። እንደ ባሕር ሰው እጄን በሱሪዬ ጠረግሁና አንኳኳሁ።

ምንም የለም። ደግሜ አንኳኳሁ።

«ቤቶች» አልኩ።

«ማነው?»

ታች ማረፊያው ላይ የምትሰድበኝ ድምፅ አልነበረም። ይኸኛው ቀጭን ነው፤ ሳይነገርበት ስለከረመ ሻግቷል።

«ሺሜ ነኝ። ቶማዚና አሉ?»

«አለሁ» አለች ከውስጥ። «አለሁ፣ ልክፈት።»

መወርወሪያው ተነካ፣ ግን አልተከፈተም። ከበሩ ጀርባ ስታለቅስ ይሰማኛል። ታች ባባ አልተናገረችም፤ ባርባም አልጮኸም። ኮፍያዬን አውልቄ እስክትከፍትልኝ ቆሜ ጠበቅኋት።